ስንገፋት የኖርናት ቀይ መኪና

እጄን በሳሙና አጠብኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣ እህቴ ማርታ በሰጠችኝ አልኮልም ጠረግኩት፤ የግራሶው ሽታ ግን ከጥፍሮቼ ሥር አልወጣ ብሎ ይኸው ምሳ ላይ ቆጮውን ወደ አፌ ባስጠጋሁ ቁጥር የአባታችን መኪና ትሸተኛለች። ሽታው ደስ ይለኛል ብል እዋሻለሁ። ከደስታው ቀድሞ ብድግ የሚለው ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገው ቅናት ነው። ታናሽ እህቴ ማርታ ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ ሰው ሁሉ ሲስተር እያለ የሚያከብራት ነርስ ናት፤ እኔም ሺንሺቾ ተድሬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ስንቱን ተማሪ ፊደል አስቆጥሬ ጡረታዬን የምጠብቅ ሴት ነኝ። ያቺ ቀይ መኪና የቆመችበት ግቢ ስገባ ግን ዕድሜዬን በር ላይ አውልቄ የምገባ ይመስል ያቺው ቀናተኛ ልጅ እሆናለሁ።

መኪናዋ ለእኛ አገር መንገድ የተሠራች አልነበረችም። ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የስፖርት መኪና ነበረች፤ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባዬ ትቶለት ሄደ። አባዬ መምህር ነበር፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲስቅ ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ። ከእሷ ውስጥ ሲወርድ ያየው ሰው እንዴት እንደገባ ይገረም ነበር። ያኔ በሆሳዕና መንገድ ከጋሪ ጋር እየተጋፋን፣ በክረምት ጭቃውን በበጋ አቧራውን እየጠጣን ፎንቆ ገበያ ስንደርስ ሰው ዕቃውን ጥሎ ይከበን ነበር፤ እማዬ ደግሞ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ የማንም እንዳልሆነች ታስመስላለች።

ከዚያ ሞተሪኖው ሞተ። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቁልፉን ቢያዞሩት ጧ ይልና ዝም ነው። በሌላ መኪና ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ በእሷ ግን የሠሯት ሰዎች የማንን ቂም ለመወጣት እንደሆነ እንጃ፣ ከሞተሩ ኋላ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ሥር፣ ዓይን በማያየው እጅም በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ደብቀውታል። የከተማው መካኒኮች ተራ በተራ ኮፈኑን ከፍተው አጎንብሰው ያዩና፣ ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም ብለው ይዘጉታል። ሞተሯን አውርዶ የሚመልስ ደፋር ስላልተገኘ አባዬ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማታል፤ ጠዋት ገፍተን እናስነሳታለን።

መግፋቱ የሰፈሩ ሥራ ሆነ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን መቀሱን አስቀምጦ ይመጣል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይሰለፋሉ። እሑድ ደግሞ እኛ ወደ ቅዳሴ ልንሄድ ስንነሳ ወደ ጸሎት ቤታቸው የሚሄዱት ጴንጤ ጎረቤቶቻችን ከነተተኮሰ ነጭ ሸሚዛቸው ይገፉልን ነበር፤ አባዬም ካቶሊክን ወደ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ያጸድቃችኋል እያለ ያሾፍባቸዋል። አንዳንዴ የጭሱን ጥላሸት በሸሚዛቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ቅር ያለው ሰው ግን አላስታውስም።

የእኔ ነገር የተበላሸው መሪው ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ነው። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፔዳል፣ ረግጦ ይዞ፣ መኪናዋ ስትንደረደር አባዬ «ልቀቂ!» ሲል መልቀቅ አለበት። አባዬ ከሁሉም ጉልበተኛ ስለሆነ ከኋላ ነው፤ እማዬ መሪው ላይ ሞቼ ነው የምቀመጠው ብላለች፤ ቀረን እኔና ማርታ። እኔ ታላቅ ነኝ፣ እግሬም ይደርሳል፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ፍርድ እንዳይጓደል ብሎ ወፍጮ ቤት ይዞን ሄዶ በእህል ሚዛን ላይ አቆመን፤ ቀላሏ ትንዳ፣ ከባዷ ትግፋ አለ። ጊዜው ደግሞ የመስቀል ሰሞን ነበር። የመስቀልን ሰሞን እኛ ጋ ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው! ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቅቤ የሚወጣበት፣ ክትፎው በቅቤ ከሚበስለው ከአተካናው፣ ጎረቤቱ ከጎረቤቱ የሚወዳደርበት ነው፤ እኔም ከማንም ወደ ኋላ ሳልል በልቼ ነበር። ማርታ ያን ሰሞን ጉሮሮዋን አሟት ወተት ብቻ ስትጠጣ ከርማለች። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ፤ እማዬ ልጄ አምሮባታል ብላ ኮራች። እኔ እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርታ ጀርባዋ ላይ ትራስ ተደርጎላት፣ አገጯን ቀና አድርጋ እንደ ሹም ትቀመጣለች። እኔ ከኋላ ነኝ። መኪናዋ ተነስታ ስታጓራ ጥቁሩን ጭስ የምጠጣው እኔ፤ አባዬ ሮጦ መሪውን ሲይዝ ወደ ጎኑ ሸርተት ብላ ፊት ወንበር ላይ የምትቀረው እሷ፤ የኋላዋ ቀዳዳ ውስጥ ጉልበቴን ከአገጬ አጋጥሜ እንደ ገበያ ዶሮ የምታጨቀው ደግሞ እኔ። ማርታ በመስኮት ለሰው እጇን ታወዛውዛለች። እጇን ብነክሰው እንዴት ደስ ባለኝ!

የሚቀጥለውን መስቀል ሚዛኑ ይደገማል ተብሎ ቃል ተገብቶልኝ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ተውኩ። እማዬ የምትሰጠኝን ከቆጮው ሥር እየደበቅኩ ለድመት ስሰጥ፣ ድመቷ ስትወፍር እኔ ስከሳ፣ እማዬ ሆድ ዕቃዬ ውስጥ ነገር ያለ መስሏት ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ እዚያ ምንም ሲታጣ ቤተ ክርስቲያን አባ ዘንድ ወስዳ አስባረከችኝ። የከሳሁትን ግን ቁመቴ በላው። ሚዛኑ ላይ ዳግመኛ ስወጣ አሁንም ከማርታ በለጥኩ፤ ያን ጊዜ ሴቶቹም እልል አላሉም።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ። ስንገፋ ሁልጊዜ ከአባዬ ጎን ነበርኩ፤ ትከሻው ትከሻዬን ይነካል። ጭንቅላታችንን ደፍተን ስለምንገፋ የማየው ጭቃ ውስጥ የሚንሸራተት ጫማውን ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን ጆሮዬ ሥር ነበር። ለሌላው በአማርኛ ይጮሃል፤ ለእኔ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ቀስ ብሎ፣ በሀዲይኛ ነበር የሚያወራኝ። «ልጄ፣ አንቺ ከሌለሽ ይህቺ ዝም ብላ ብረት ናት» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ምንም አልመሰለኝም፤ ልቤ ያለው ፊት ወንበር ላይ ነበር።

አባዬ ካረፈ ቆየ። ቤቱም መኪናዋም ለማርታ ደረሱ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ አጠገቡ የነበረችው ያስታመመችውም እሷ ናት፣ ይገባታል፤ ቢገባትም ያመኛል። ለዘንድሮ መስቀል ከሺንሺቾ ስመጣ መኪናዋ ግቢው መሐል ኮፈኗ ተከፍቶ አገኘኋት። ማርታ ከአዲስ አበባ ሞተሪኖ አስፈልጋ፣ ማቲዎስ የሚባል ጎልማሳ መካኒክ አስመጥታለች። ማቲዎስ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ፣ የጭስ ቱቦውን አውርዶ፣ በጀርባው ከሥር ተኝቶ ሲታገል ከቆየ በኋላ አሮጌውን እያዘነበለ እየጠመዘዘ አወጣው፤ አዲሱንም በዚያው መንገድ አስገባው። ከላይ ከኋላ የሚገባው አንዱ ቡሎን ግን እምቢ አለ። የማቲዎስ እጅ ክርኑ ሳይደርስ ይወተፋል። ማርታ እጅጌዋን ሰብስባ ሞከረች፤ ያቺ ሚዛን ያልደፋች ልጅ ዛሬ ክንዷ ሞላ ያለ ነው፣ አልገባም።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ስኳር ካገኘኝ ወዲህ ቀጥኛለሁ፤ ቅቤ የከለከለችኝም ማርታ ራሷ ናት። ክንዴን ከተትኩት። ገባ! ጉንጬን የሞተሩ ክዳን ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቶቼ ቀዳዳውን ፈልጌ ቡሎኑን አስያዝኩት፤ ጥርሱን ይዞ መዞር ሲጀምር ሳላስበው ጮህኩ። ማቲዎስ ከሥር አጠበቀው። እንደዚያ ሰዓት ማርታን ከላይ ወደ ታች አይቻት አላውቅም።

«እትዬ፣ ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አስነሻት» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፤ አንዴ አጉረመረመችና ተነሳች። ማንም አልመጣም። ልብስ ሰፊው የለም፤ ልጆቹ አገር ለቀዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን እያሰማ አለፈ። የኋላ ማያውን መስታወት ቀና ብዬ ሳየው የግቢው በር፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ ሌላ ምንም የለም።

ማርታ መስኮቱ ላይ ተደገፈች። አባዬን በዚያ መስታወት ነበር የማየው አለችኝ፤ እናንተ ሁላችሁ ስታጎነብሱ እሱ ቀና ቀና እያለ፣ ፊቱ በላብ ርሶ እየሳቀ፣ ወደ እኔ ያይ ነበር አለች። በመሪው ስቀና የኖርኩት ለካ ዋናውን ነገር ሳላውቀው ነው። እኔ ጫማውን ሳይ እሷ ፊቱን ታይ ነበር፤ ወንበሩ ዛሬ የእኔ ቢሆንም መስታወቱ ባዶ ነው።

«ግን እትዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ስትገፉ አንቺን ምን ይልሽ ነበር? ወዳንቺ ዞር ብሎ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር፤ በሩ ዝግ ስለሆነ አይሰማኝም። ሁልጊዜ እቀናብሽ ነበር።»

ሞተሩን አጠፋሁት።

«አላስታውስም» አልኳት።

ይኸው አሁንም ምሳ ላይ በቅቤ የራሰውን ክትፎ እያላመጠች፣ ለእኔ ደረቁን አቅርባልኝ፣ ትንሽም ቢሆን አታስታውሺም ወይ ትለኛለች። ፊቱን እሷ ወስዳለች። ድምፁን አልሰጣትም።