አወቀ ከሰንደቅ ሜዳ የቀረበት ዓመት

ባሌ አወቀ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። ሱቁ አራዳ ነው፣ ከአሮጌው ገበያ ወረድ ብሎ። የተወለደው ዳባት ገጠር ሲሆን ወደ ጎንደር የመጣው ዜማ ሊማር ነበር። ትምህርቱ አልዘለቀለትም፤ ብረት ያዘ። ድምፁ ግን አብሮት ቀረ። ኳስ ሜዳ ይዞት የገባው ያ ድምፅ ነው።

ሰንደቅ የሰፈራችን የቁስቋም ቡድን ነበር። ሲቋቋም ባለቤት የሚባል ሰው አልነበረውም፤ ባለ ሱቁም፣ ባለ ባጃጁም፣ ሸማኔውም ከኪሱ እያወጣ ያቆመው ነው። ማልያውን እኛ ሴቶቹ በተራ እናጥብ ነበር። በጨዋታ ቀን አወቀ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ጉርሻ እንኳ በወጉ ሳይበላ ይወጣና ከደጋፊው ፊት ይቆማል። እሱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ዜማውን ከየት እንዳመጣው የሚያውቁ ካህናት "ለአምላክ የተሰጠውን ድምፅ ለኳስ አዋለው" እያሉ ያሙታል። እሱ ይስቃል። የሚስቅበት ሌላ ቦታ እንደሌለው የማውቀው እኔ ነኝ። ሥራ ቀን ብረት ሲቆርጥ ውሎ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል፤ እራቱን ይበላል፤ ይተኛል። ዳባት ያሉት ወንድሞቹ መሬቱን ከተካፈሉ ወዲህ እዚያም መሄድ ትቷል። ሰው የሚሆነው እሑድ እሑድ ነበር።

ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ ሲወጣ የሰፈር ኪስ አልቻለውም። ያን ጊዜ አቶ ዳኛው መጡ። ሆቴልና የጭነት መኪናዎች ያሏቸው ሰው ናቸው። ክለቡ በስማቸው ዞረ። የመጀመሪያው ዓመት ሸጋ ነበር፤ ማልያው አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ ልጆቹ ለጨዋታ ሲሄዱ በአውቶቡስ። በሁለተኛው ዓመት አምበሉ ተሸጠ። ቀጥሎ በረኛው። ቀጥሎ ጎል የሚያገባልን አጥቂ። አወቀ የአጥቂውን መሸጥ በስልክ የሰማ ዕለት የእጁን ጓንት አውልቆ ወለል ላይ ወረወረው አሉ።

ደጋፊው ሲያጉረመርም አቶ ዳኛው አራዳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠሩ። ማልያ አጣቢዎችም ኑ ስለተባልን እኔም ሄድሁ።

"ክለቡን እንደገና እየገነባን ነው" አሉ አቶ ዳኛው። "ቤት ሲታደስ መጀመሪያ ይፈርሳል። ወጣቶች እያሳደግን ነው። ሦስት ዓመት ታገሡን።"

ወንዴ ከኋላ ተነሣ። ወንዴ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የአወቀ የልብ ጓደኛ፣ አፉ አርፎ የማያውቅ።

"ጌታዬ፣ ሲፈርስስ በዓይናችን አየን" አለ። "ቆርቆሮውም ወጥቶ ተሸጠ፣ በሩም ተነቅሎ ተሸጠ። ሲሚንቶው የት እንደደረሰ ብቻ ይንገሩን።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ዳኛውም ፈገግ አሉ። "ሲሚንቶው ትዕግሥት ነው" አሉ።

"እሱንም ከኛው ነዋ የሚወስዱት!" አለ ወንዴ።

አወቀ አልሳቀም። ቆሞ "ዘንድሮ ስንት ጊዜ ሜዳ መጥተው ልጆቹን አይተዋል?" ብሎ ጠየቀ። አቶ ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። ጸሐፊያቸው አመስግኖ ስብሰባውን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሽንፈቱ መጣ። አሠልጣኝ ይመጣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ ገና ጢም ያላወጡ፣ ኳስ ሲደርሳቸው የሚደነግጡ ናቸው። በኅዳር፣ የቁስቋም በዓል ሊደርስ ሲል፣ በገዛ ሜዳችን አምስት ለባዶ ተሸነፍን። አወቀ የዚያን ቀን ድምፁ ተዘግቶ መጣ፤ ሻይ በዝንጅብል አፍልቼ ብሰጠው እንኳ አልጠጣውም።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ፈንጠር ብዬ ቆሜ ነበር።

"ከዛሬ ጀምሮ" አለ አወቀ፣ "ዳኛው ሰንደቅን እስኪለቅ ድረስ እግሬ ሜዳው ውስጥ አይገባም። ቁስቋም ማርያም ምስክሬ ናት። አብሮኝ የሆነ እጁን እዚህ ላይ ያኑር።" እጁን በድንጋዩ ቅጥር ላይ አሳረፈ። ወንዴ ቀጠለ። ባለ ሱቁ ገብረ ኪዳን ቀጠለ። ወንዱ ሁሉ እየመጣ እጁን አኖረ።

ቤት ስንገባ "ምነው ማርያምን በኳስ ነገር አስገባችኋት?" አልሁት። "እንዲያው ዝም ብሎ መቅረት አይቻልም ነበር?"

"እንዲያው ዝም ብሎ የቀረማ በሁለተኛው እሑድ ይመለሳል" አለኝ።

ይህ እውነት ነው። የሌላ ሰፈር ደጋፊ ቢናደድ ይሳደባል፣ ወንበር ይሰብራል፤ ሲበርድለት ተመልሶ ይገባል። የኛዎቹ ግን እንዳይበርድላቸው ታቦት ጠሩ።

ሜዳው ባዶ ቀረ። ባለቤቱ ግን አልለቀቁም። ወንዶቹ ደግሞ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። መሐላው እግር እንዳይገባ እንጂ ዓይን እንዳያይ አይደለም ብለው ከሜዳው በላይ ካለው ተረተር ላይ ይወጡ ጀመር። ከዚያ የሚታየው የሜዳው እኩሌታ ነው። አንደኛውን ጎል ባሕር ዛፉና ግንቡ ይጋርደዋል። አንድ ቀን ለአወቀ ምሳ ይዤ ወጣሁ። ሁሉም ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን አስግገዋል። ኳሷ ወደማይታየው ጎል ሄደች።

"ገባ እንዴ?" አለ ገብረ ኪዳን።

"ድምፅ የለም፤ አልገባም" አለ አንዱ።

"ድምፁን የምናሰማው እኛ አልነበርንም እንዴ?" አለ ወንዴ። "አሁን ማን ጮሆ ይንገረን?"

ሳቁ። አወቀም ሳቀ፤ ግን ወዲያው ፊቱን አዞረ። ያመጣሁለትን ምሳ ለሌሎቹ አደለው።

የሚያሳዝነው፣ ቡድኑ ከጥምቀት በኋላ መሻል ጀመረ። ልጆቹ ድንጋጤው ለቀቃቸው። ከጠዳ የመጣ ኪዳነወልድ የሚባል ወጣት በግራ በኩል ሲሮጥ የሚይዘው ጠፋ። አወቀ ስለሱ ሲያወራ ይነጋል። "ሲጀምር ብቻ ነው የማየው" ይላል፤ "ከዛፉ ኋላ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።" አቶ ዳኛው ያሉት እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅሁት። ጓንቱን አንሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ሰው የተናደደበት ሰው ልክ ሲሆን እንደማየት የሚከብድ ነገር የለም መሰለኝ።

በሚያዝያ መጨረሻ ወሬው መጣ። አቶ ዳኛው በሬዲዮ ቀርበው "ደጋፊ የሌለው ክለብ ይዤ አልቀመጥም" አሉ። የሰንደቅን የሊግ ቦታ ሩቅ ያለ የሌላ ክልል ከተማ ሊገዛው ነው። የሊጉ ሰዎች በግንቦት አንድ ጨዋታ መጥተው ያያሉ፤ ሜዳው ሰው ካለው ሽያጩን ላይፈቅዱ ይችላሉ። ባዶ ከሆነ አበቃ።

ወንዴ ወሬውን እንደሰማ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ።

"እንኳን ደስ ያለህ አያ አወቀ" አለ። "ዳኛው ሊለቅልን ነው፤ መሐላችን ሠመረ። ቡድኑን ይዞት ይሄዳል፤ እኛ ገብተን ሣሩን እናያለን።"

"ተው ወንዴ።"

"ምን ልተው? እታለም፣ የሚቀመስ ነገር ካለ አምጪልኝ፤ ይህን ወሬ በባዶ ሆዴ አልችለውም።"

አወቀ በማግስቱ የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርሁ። ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው።

"ማን አስማለህ?" አሉት።

"ማንም አባቴ። ራሴ ነኝ።"

"ሌሎቹንስ?"

አንገቱን ደፋ። "እነሱንም እኔው።"

"አንተን ቀኖና ሰጥቼ እፈታሃለሁ" አሉ አባ። "ግን በአንተ ቃል የታሰረ ሰው ውጭ ቆሞ አንተ ቀድመህ ትገባለህ? አይሆንም። እያንዳንዱ ወደየንስሐ አባቱ ይሂድ። አንተ የመጨረሻው ሁነህ ና።"

"ጨዋታው ሊደርስ ነው አባቴ።"

"ስትምል ቀን ቆርጠህ ነበር?" አሉት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ያዘኑለት ይመስሉ ነበር።

አወቀ ሥራ ፈትቶ በየቤቱ ዞረ። ማል ብሎ የሰበሰበውን ሰው ሁሉ ሄደህ ተፈታ ብሎ ሊለምን። አንዱ የንስሐ አባቱ ገጠር ገብተዋል፤ መንገዱ ተዘግቶ መመለስ አልቻሉም። አንዱ ራሱ ለሥራ መተማ ወርዷል። አንዳንዶቹ ሄደው ተፈቱ፤ ነገር ግን ቀድሞ የገባ መባልን ፈሩ። ገብረ ኪዳን ከሱቁ መስኮት ኋላ ሆኖ ሰማውና፣

"ኅዳር ላይ ማል አልኸኝ፣ ማልሁ። ግንቦት ላይ አፍርስ ትለኛለህ" አለው። "ለሰኔ ምን አስበህልኛል?"

አወቀ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ያየሁት አባቱ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው።

"አወቀ" አልሁት፣ "እኔ እኮ አልማልሁም።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"እጃችሁን አኑሩ ስትል ያየኸው ወንዶቹን ነው። እኛን ማንም አልጠየቀን።"

"አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ የትነበርሽ?"

"ምንም። ወንበር ላይ መቀመጥ አውቃለሁ።"

ለገብረ ኪዳን ሚስት ለእቴነሽ ነገርኋት። እሷ ለጽዋ ማኅበርተኞቿ ነገረች። በጨዋታው እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣን፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ አሮጊትም ነፍሰ ጡርም ሳይቀር ወደ ሜዳው ወረድን። ሜዳው አልሞላም፤ ከጥላው በታች ያለውን ወንበር ግን ያዝነው። የሊጉ ሰዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ አየን፣ አየንና ለጓደኛው በጆሮው አንድ ነገር አለው፤ ሳቁ።

የዜማውን አወጣጥ አናውቅም። አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ በሌላ ትቀበላለች። ብዙም ሳይቆይ ኳሷ መረብ ነካች፤ ሁላችንም ተነሥተን እልል አልን።

"ዝም በሉ! ዝም በሉ!" አለች እቴነሽ ነጠላዬን እየጎተተች። "ለካ የነሱ ናት!"

የተቃራኒው ቡድን ልጆች እጃቸውን አውለበለቡልን። ከላይ ከተረተሩ ግን ጩኸት ሰማሁ። ወንዶቹ ከዓይናቸው ይልቅ እልልታችንን አምነው የገባው የኛ መስሏቸው እየተቃቀፉ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ አንዱ ልብሱን አውልቆ ያወዛውዛል።

ከዕረፍት በኋላ ግን ኪዳነወልድ አገባ። መጨረሻ ላይም ደገመ። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኳስን ተቀምጬ አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ከወንበሩ የመጨረሻዋ ሆኜ ተነሣሁ። ከበሩ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ወንዶቹ እየሮጡ ወረዱ።

"ሦስት ለባዶ?" አለኝ አወቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ሁለት ለአንድ" አልሁት።

"አንዷ የማን ናት?"

"የመጀመሪያዋ የነሱ ናት። አላወቅንም።"

ወንዴ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አወቀ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ኪዳነወልድ እንዴት አድርጎ አገባት?" አለኝ። መንገድ ለመንገድ የማውቀውን ያህል ነገርሁት። ስለ ኳስ ከእኔ ጋር ያን ያህል ተነጋግሮ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ አቶ ዳኛው እንደገና በሬዲዮ ቀረቡ። የሰፈሩ እናቶች መጥተው ስላበረታቱ አመሰገኑን። "ዘመናዊ ክለብ ግን ትኬት እየገዛ ሁልጊዜ በሚመጣ ደጋፊ ነው የሚቆመው" አሉ። የሊጉ ሰዎችም ይህንኑ ጽፈዋል አሉ። ልጆቹ በሰኔ መጀመሪያ በአውቶቡስ ሄዱ። እኛ በር ላይ ቆመን አየን። አንዳንዶቹ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ነበር።

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ "እንግዲህ ሰውየው ለቀዋል፤ ቃልህ ተፈጽሟል፤ የምትፈታው ነገር የለም" አሉት። አወቀ ቀኖናውን ግን ለመናቸው። እምቢ አላሉትም፤ ስግደቱን ሰጡት።

ወንዴና ገብረ ኪዳን በክረምቱ መጡ። ከታች፣ ከቀበሌ ውድድር ጀምረን ሌላ ቡድን እናቁም ይላሉ። "አንተ ካላወጣህ ማን ያወጣል?" አሉት። አወቀ ልጆች ካገኛችሁ ኳስ እገዛለሁ፣ የጎሉን ብረት እበይዳለሁ አላቸው። ከፊት መቆሙን ግን እምቢ አለ። "እኔ ያልሁትን ሰው ሁሉ ይከተላል" አለ። "ሌላ ፈልጉ።" ወንዴ ባጃጁን አስነሥቶ ገብረ ኪዳንን ይዞት ሄደ።

በቀደም እሑድ ከቅዳሴ መልስ በስልኩ ኳስ ሲያይ አገኘሁት። የዚያ ከተማ ቡድን ነው። ስሙ ተቀይሯል፣ ማልያው ተቀይሯል። ልጆቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ አድገዋል፣ ሸጋ ይጫወታሉ። ከሜዳው ዳር ያለው ሕዝብ በማናውቀው ቋንቋ ይዘፍናል።

"ገባ?" አልሁት።

"ኪዳነወልድ" አለ።

ጎኑ ተቀመጥሁ። ጎሉን ደግመው ደጋግመው አሳዩት፤ ከሁሉም በኩል። ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ልነሣ ስል "ቆይ፣ ጨዋታው ይለቅ" አለኝ። ቆየሁ።