ቀይና ነጭ ቆርኪ

ሰቆጣ ውስጥ፣ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናት መሥራት ነበረብኝ። የመረጥኩት ርእስ ለባልደረቦቼ የወራት መሳቂያ ሆነ። ልጆች መርፌ ሲወጉ የሳሙና አረፋ ቢነፉ ሕመሙ ይቀንስላቸዋል ወይስ አይቀንስም? ነገሩ ይኸው ነበር። "ሰው ስለ ወባ ያጠናል፤ አንቺ ልብስ ታጥቢያለሽ" ይሉኝ ነበር።

እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ። የጉሮሮ ሕመም ሄዶ ሄዶ ልባቸውን የጎዳባቸው ልጆች በየወሩ እየመጡ አንድ መርፌ ይወጋሉ። ለዓመታት ነው፤ ማቋረጥ የለም። መድኃኒቱ ወፍራምና ነጭ ነው፤ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። ትናንት እባብ በዱላ የገደለ ጎረምሳ እኔን ሲያይ አባቱ ጋቢ ሥር ይገባል።

አማካሪዬ ኮስታራ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ከዩኒቨርሲቲው ሆነው በስልክ ነበር የሚመሩኝ። "አረፋውን ማን እንደሚያገኝ አንቺ እንዳትመርጪ፤ ላዘንሽለት ታዳያለሽ። ዕጣ ይውጣ" አሉኝ። ስለዚህ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቤ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ነጭ ቀባሁና በጨርቅ ከረጢት ከተትኩ። ቀይ የደረሰው አረፋ እየነፋ ይወጋል። ነጭ የደረሰው እንደ ወትሮው ዝም ብሎ ይወጋል። ከመርፌው በኋላ ሁሉም አንድ ሥዕል ያያል፤ ከሚስቅ ጀምሮ እስከሚያለቅስ የተደረደሩ ፊቶች አሉበት። ልጁ ሕመሙን የሚመስለውን ፊት በጣቱ ያሳየኛል። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ የምመዘግበው ልጁ ያሳየውን እንጂ ለእኔ የመሰለኝን አይደለም።

አረፋ መንፊያውን የገዛሁት ገበያው ዳር ካሉ፣ ሰው ሁሉ ሐጂ ከሚላቸው ነጋዴ ሱቅ ነው።

"ልደት አለ እንዴ?" አሉኝ።

"አይ ሐጂ፣ ለመርፌ ነው።"

"አጂብ ነው! እኛ ስንወጋ የሚጨመርልን ኩርኩም ነበር።"

በመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ከመጡት መካከል አንዲት አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ነበረች። ከአበርገሌ ቆላ ከአያቷ ጋር ነው የምትመጣው። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም። ጥናቱን ለአያቷ ሳስረዳ ሽማግሌው አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው አዳመጡኝ።

"አረፋው ሕመም ይቀንሳል ነው የምትዪኝ ልጄ?"

"ይቀንስ እንደሆነ ልናይ ነው አባባ።"

"ታዲያ ለሁሉም ስጪና እዪዋ።"

"ያልተሰጠው ከሌለ በምን አወዳድራለሁ?"

ትንሽ አሰቡ። "እሱስ እውነት ነው፤ ፍየልም ከጎኗ ሌላ ካልቆመች መወፈሯ አይታወቅም። ይሁን።" ልጅቷንም ጠየቅኳት። "እሺ" አለች፤ ዓይኗ ግን ከረጢቱ ላይ ነበር። እጇን ሰደደች፣ አማሰለች፣ አወጣች። ነጭ።

"ሌላ ላውጣ?"

"አይቻልም።"

"ይሄ ቀይ ነበር እኮ፤ ቀለሙ ለቆ ነው።"

"አይደለም።"

"እስኪ በደንብ እዪው ሲስተር።"

እውነትም አየሁት። ነጭ ነው።

ጥርሷን ነክሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ ተወጋች። ሥዕሉን ሳሳያት ግን ቶሎ አላመለከተችም። "እኔ ካሳየሁሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ።

"እጽፈዋለሁ።"

"ጽፈሽስ?"

"አረፋው የሚጠቅም ከሆነ ወደፊት ለሁሉም እንሰጣለን።"

ያን ስናገር ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልጅቷ ጣቷን ቀስ ብላ አንስታ፣ እንባው እንደ ጎርፍ በሚወርደው በመጨረሻው ፊት ላይ አሳረፈች። የራሷ ጉንጭ ደረቅ ነበር። እንዲያውም ፈገግ ብላለች። ሕግ ነውና ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ወር ልጆቹ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ተደርድረው ተራ ሲጠብቁ ያቺው ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ታንሾካሹካለች። ትከሻቸውን ትዳብሳለች። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ ኽምጣናዬ ከሰላምታ አያልፍም። እያጽናናቻቸው መስሎኝ አንጀቴን በላችው። "እንዲህ ያለች ልጅ ትባረክ" አልኩ፤ አፍ አውጥቼ ነው ያልኩት።

ውጤቱም ተአምር ሆነ። ነጭ የደረሳቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ የተወጉት እንኳ ሳይቀሩ፣ የመጨረሻውን አልቃሻ ፊት ያሳያሉ። ቀይ የደረሳቸው የሚስቀውን። ቀይ የደረሰው አንዱ ልጅ አረፋ መንፊያውን ጥሎ፣ በእርግጫ ብሎኝ፣ ግቢውን በጩኸት ካናወጠ በኋላ እየተንሰቀሰቀ የሚስቀውን ፊት አሳየኝ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"አ... አዎ" አለ።

ጻፍኩት። ጥርጣሬ አልገባኝም ብል ይሻላል መሰለኝ፤ እውነቱ ግን ጥርጣሬው መጥቶ በር ሲያንኳኳ አልከፈትኩለትም። የቆርኪና የሳሙና ጥናቴ ዓለምን ሲዞር፣ እኔም መድረክ ላይ ቆሜ ሲጨበጨብልኝ ይታየኝ ነበር። አማካሪዬ ጋ ደውዬ ውጤቱን አነበብኩላቸው። እንደገና አስነበቡኝ።

"በጣም አምሯል" አሉ በመጨረሻ። "ልጆችን ዕድሜ ልኬን ሳክም በአንድ ነገር እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ እመጣለሁ።"

የመጡ ዕለት ወደ እኔ ክፍል አልገቡም። ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከአስታማሚዎቹ ጋር ተቀመጡ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ራሳቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ የከተማ ሰው ናቸው፤ ማንም ልብ አላላቸውም። እኔም የማላውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ሰውየው የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ናቸው፤ ኽምጣና አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው። የሆነውን በኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ልጅቷ እንደ ልማዷ በአግዳሚው እየዞረች ታስጠናለች። "ቀይ የደረሰው የሚስቀውን። ነጭ የደረሰው የሚያለቅሰውን። ከተሳሳታችሁ አረፋው ይቀራል፤ ሁላችንም ደረቅ መርፌ እንወጋለን።" አንዱን ትንሽ ልጅ እንዲደግምላት አደረገችው። ዶክተሩ ጨርሳ እስክትመጣ ጠበቁና ወደ እሷ ጎንበስ ብለው በኽምጣና "እኔስ የትኛውን ላሳይ?" አሏት።

ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ግን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"እርስዎ ማሳየት አያስፈልግዎትም" አለች፤ "ሥዕሉ ላይ ያሉት ሁሉ መላጣ ናቸው። እርስዎን ነው የሚመስሉት።"

እኔ የሰማሁት ሳቁን ነው። መርፌ በእጄ እንደያዝኩ ስወጣ ያ ኮስታራ አማካሪዬ ግድግዳ ተደግፈው እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። የልጅቷ አያትም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ።

ክፍል ገብተን በሩ ሲዘጋ ግን ዶክተሩ ሳቃቸውን ዋጡ። "ጥናትሽ ሞቷል" አሉኝ። "ገዳይዋም ውጭ ተቀምጣ ብስኩት እየበላች ነው።"

የወራት ልፋቴ ነው፤ ለእኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ልጅቷ ተራዋ ደርሶ ስትገባ ፊቴን አጠቆርኩባት። "ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ? ምን በደልኩሽ?"

በእውነት ግራ ገብቷት አየችኝ። "አረፋው የሚጠቅም ከሆነ ለሁሉም እንሰጣለን ያልሽው አንቺ አይደለሽም? እንዲጠቅም አደረግኩልሽ።"

ዶክተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ከዚያ በላይ መቆጣት አቃተኝ።

ያን ቀን ከረጢቱ ተዘጋ፤ አረፋውም ለሁሉም ሆነ። ርእሴን ቀየርን። አዲሱ፣ ልጆች መልሳቸው ምን እንደሚያመጣ ካወቁ እንዴት እንደሚመልሱ የሚል ነበር። ጥናቴን ሳቀርብ ፈታኞቹ መሐል ላይ በሳቅ አቋረጡኝ፤ ከመካከላቸው አንዷ "ተባባሪ ተመራማሪሽን ለምን ይዘሻት አልመጣሽም?" ብላ ጠየቀችኝ። አለፍኩ። አረፋው ሕመም ይቀንስ አይቀንስ ግን ዛሬም በማስረጃ አላውቅም። ልጅቷ ቀጠሮዋን አታጓድልም፤ ልቧም ደህና ይዟል።

ባለፈው የመጣች ጊዜ አያቷ ዝገት የያዘው ሚስማር ወግቷቸው ያነክሱ ነበር። መርፌ ታዘዘላቸውና ወደ ትልልቆቹ ክፍል ተላኩ። ጥቂት ቆይተው በእኔ በር ላይ ብቅ አሉ።

"አባባ፣ የእርስዎ እኮ በወዲያኛው በኩል ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እዚያ አረፋ የለም።"

ወረቀታቸውን ተቀብዬ አስቀመጥኳቸው። ልጅቷ የሳሙና ውሃውን ብልቃጥ ያዘችላቸው። "በቀስታ ይንፉ አባባ፤ ከቸኮሉ ይፈነዳል።" ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ አሉ። አንድ ትልቅ አረፋ እየተንቀጠቀጠ ወጥቶ ጢማቸው ላይ አረፈና ጠፋ። እኔም በዚያው ቅጽበት ክንዳቸውን ወጋሁ።

"አመመዎት?"

"ወግተሽኛል እንዴ?" አሉ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "እየዋሹ ነው" አለችኝ፤ "ክንዴን ቆንጥጠው ይዘውኝ ነበር።"