ቀይ ክዳን ያለው ፔርሙዝ

ሠርክ ቡናዋን በወርቅ ሚዛን መመዘን የጀመረችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሚዛኑን ያዋሰቻት አጠገቧ ባለው ሱቅ ወርቅ የምትሸጠው መርየም ናት።

«ሃያ አንድ ካራት ነው ብዬ ልጻፍልሽ?» አለች መርየም፣ የተፈጨው ቡና ሚዛኑ ላይ ሲፈስ እያየች።

«ቀልጂ አንቺ! እኔ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2006 ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ አብዱልሰላም የሚባል የሐረር ሰው አንዲት ጠባብ ካፌ ነበረችው። እኔ ከካፌዋ በላይ ባለው የእሱው ሎጂንግ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሠርክ ናይሮቢ ስትመጣ እዚያው ሎጂንግ ውስጥ ክፍል አጽጂ ነበረች። አንድ ቀን ቡና አፍዪዋ ቀረች፤ «እስኪ አንቺ ሞክሪ» ተባለች፤ ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ አልወጣችም። ስለ ቡና ስታወራ እጇ አያርፍም፣ ዓይኗ ይበራል። እኔ ሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሰው እንኳ እሷ ጋ ስቀመጥ ወሬ ይመጣልኛል።

አብዱልሰላም ግን ካፌው ሰልችቶት ነበር። የእጅ ስልክ የሚሸጠው ከሊድ ባንኮኒውን አከራየኝ እያለ በየቀኑ ይመጣል። ከኪሱ ሜትሩን ያወጣና እሷ እያፈላች ባንኮኒውን ይለካል።

«ክርንሽን አንሺልኝ» ይላታል።

«ክርኔንም ለካው እንግዲህ!»

በዚህ መሃል ነው ሠርክ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት በየጠዋቱ ለስብሰባ አዳራሹ ቡና የሚያቀርብለት እንደሚፈልግ የሰማችው። አብዱልሰላም ለከሊድ እንዳያከራየው ሲለመን ቆይቶ «ሥራውን ካገኘሽ ባንኮኒው ያንቺ ነው። ካላገኘሽ ቅዳሜ ከሊድ ይገባል፤ አንቺም ወደ ክፍሎቹ ትመለሻለሽ» አላት። የድርጅቱን ጉዳይ የያዘችው ናይሮቢ ያደገችው ናፍቆት ነበረች።

«ሊስን ሠርክ» ብላታለች፣ «አንድ ቀን ጥሩ ቡና ማፍላት ኢዚ ነው። እኔ ሰኞ የጠጣሁትን ዓርብም መጠጣት እፈልጋለሁ። አምስት ቀን አምጪልኝ፣ እናያለን።»

ሰኞ ከናፍቆት በስልክ የመጣው መልእክት «ሱፐር!» የሚል ነበር። ሠርክ እየዘለለች ላገኘችው ሁሉ አስነበበችው። ማክሰኞ «ቀጥኗል፤ ሰዉ ውሃ ነው አለ» የሚል መጣ። ስታነበው ፊቷ ጠቆረ፤ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ቡናው ከአንድ ጆንያ ነው፣ ውሃውም ከአንድ ጋን። ታዲያ የሚለዋወጠው ምንድን ነው? ማንኪያውን ጠረጠረች፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ስለሚቀል ማንኪያ አይታመንም አለች። ለዚህ ነው ሚዛን የተዋሰችው። ለአንድ ሊትር ስልሳ ግራም፣ ዝንፍ አይልም። የወፍጮውን ልክ እንዳይነካባት ቦታውን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት መልእክት መጣ። «ሶሪ። ዛሬም ቀጭን ነው።»

ሐሙስ ጠዋት «እኔ ራሴ እሄዳለሁ!» ብላ ሽርጧን ወረወረች። እስከዚያ ቀን ሦስቱን ባለ ሦስት ሊትር ፔርሙዞች በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ የምናደርሰው እኔና የካፌው ረዳት አደይ ኣብረኸት ነበርን። አደይ ኣብረኸት የከረን ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የለመዱት በድሮው ጊዜ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሲሠሩ ነው። ሠርክ ትመዝናለች፣ ትፈጫለች፣ ከዚያ የጠዋት ደንበኛ ስለሚያጣድፋት ማጥለሉን ለእሳቸው ትታ ወደ ባንኮኒው ትሮጣለች። ፔርሙዞቹን በር ላይ ለጥበቃው እናስረክባለን እንጂ ወደ ውስጥ ገብተን አናውቅም።

ያን ቀን ሠርክ አስፈቅዳ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። በእረፍት ሰዓት ሰዉ ጠረጴዛውን ከቧል። ፍራኦል የሚባል ደልደል ያለ ሰው አንድ ጊዜ ፉት አለና ዓይኑን አፈጠጠ።

«ኧረ ይሄን ጠጥቼ እስከ እሁድ እንቅልፍ የለም!»

አጠገቡ ያለችው ሴት ሲኒዋን አየች። «የቱን? እኔ የጠጣሁት የሲኒ እጣቢ ነው።»

ሠርክ ቀጥ ብላ ቆመች። የሰውየውን እጅ አየች፤ የቀዳው ቀይ ክዳን ካለው ፔርሙዝ ነው። ሴትየዋ ከሰማያዊው። ሮጣ ከሦስቱም ቀዳች፣ ቀመሰች፣ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀችው።

«ጋሽ ይገዙ! ቀኑ አይደለም! ፔርሙዙ ነው! አቦል፣ ቶና፣ በረካ!»

ሰዉ ዞሮ አየን። እኔ ወለሉን አየሁ። እሷ ግን ግድም አልሰጣት፤ ናፍቆትን ፈልጋ አግኝታ «ነገ ብቻ! ነገ ከሦስቱም ቅመሺ!» እያለች ለመነቻት።

ናፍቆት ሳቀች። «ኦኬ። ግን ነገ ላስት ነው።»

ካፌ ስንደርስ አደይ ኣብረኸት ጨርቅ ማጣሪያውን እያጠቡ ነበር።

«አደይ፣ የምመዝንልዎትን ቡና ለሦስት ይከፍሉታል አይደል?»

«ለምን እከፍለዋለሁ? ሁሉንም አንድ ጨርቅ ውስጥ አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን አጥልዬ ቀዩን እሞላለሁ። ከዚያ ውሃ እደግምበታለሁ፣ ከዚያ እሠልሳለሁ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? አቦሉ ለአለቆቹ ነው! ቀይ ክዳን የመረጥኩት ለእነሱ ክብር ብዬ ነው። ለጥበቃውም ‹ይሄ ለዋኩብዋ፣ ለትልልቆቹ ነው› ብዬ በስዋሂሊ ነግሬዋለሁ። ላንቺም ለቅምሻ የምሰጥሽ ከቀዩ ነው።»

ጥበቃው ደግሞ ስዋሂሊያቸው ተምታቶበት ትልልቆቹ የተባሉት ፔርሙዞቹ መስለውት ሦስቱንም በአንድ ረድፍ ደርድሯቸዋል። ሠርክ ሳቅ ገደላት፤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋን ጠረገች። አደይ ኣብረኸት ግን ተከፉ።

«ጓለይ፣ እኔ አርባ ዓመት ቡና አፍልቻለሁ። አለቃና ተላላኪ እኩል ሲቀዳላቸው አላየሁም።»

«እዚያ ሁሉም ራሱ ነው የሚቀዳው፣ አደይ። ያገኘውን ነው የሚያነሳው።»

«አለቃውም?»

«አለቃውም!»

ጨርቁን ጨምቀው ሰቀሉት። «እንግዲያ ነገ ሁሉም አቦል ይጠጣ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ዓርብ ገና ሳይነጋጋ ሦስት ጨርቅ ተዘረጋ። ሦስት ጊዜ ተመዘነ። ሠርክ «ደንበኛ ይጠብቅ!» ብላ ከምድጃው አልተነሳችም፤ ውሃው ፈልቶ ጥቂት ሲበርድ ራሷ አፈሰሰች። የወጣውን ሁሉ አንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ቀላቀሉት፤ አማስለው ለሦስቱ ፔርሙዝ አካፈሉት። አደይ ኣብረኸት ቀዩን ክዳን አንስተው ሰማያዊው ላይ ሊገጥሙ ታገሉ፤ እምቢ ሲላቸው በስጨት ብለው ተዉት።

ማታቱ ውስጥ ሦስታችንም አንዳንድ ፔርሙዝ እንደ ሕፃን ታቅፈናል።

«ማማ፣ ሂዮ ኒ ሱፑ?» አላቸው ረዳቱ፣ ሾርባ መስሎት።

«ካሃዋ ነው!» አሉት ኮራ ብለው። «አቦል!»

ናፍቆት ከሦስቱ ፔርሙዞች ሦስት ሲኒ ቀዳች፣ ፍራኦልን ጠራችው፣ ጀርባውን አዙሮ እንዲቆም አደረገች። ከዚያ ሲኒዎቹን አቀያየረቻቸው። የሠርክ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ትጸልይ ትቁጠር አላውቅም። እኔም እንኳ፣ ምን አገባኝ ልል የምችለው ሰውዬ፣ የቱ ሲኒ የት እንደሄደ በዓይኔ እከተል ነበር።

«የቀዩ የቱ ነው?» አለችው ናፍቆት።

ፍራኦል አንዱን ጠጣ። ሁለተኛውን ጠጣ። ሦስተኛውን ጠጥቶ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«እያታለልሽኝ ነው። ከአንዱ ነው የቀዳሽው።»

ናፍቆት ራሷ ቀመሰች፤ ሦስቱንም። «ሲሪየስሊ፣ የሰኞው ነው!» አለች። «ሰኞም አምጡ። ከዚያ ወዲያም።»

ሠርክ ጮኸች። እንዲህ ነው ብዬ ልጽፈው አልችልም፤ ብቻ ከአዳራሹ ሰው ብቅ ብሎ ምን ተፈጠረ እስኪል ድረስ ጮኸች። አደይ ኣብረኸትን አቅፋ አሽከረከረቻቸው፣ እሳቸውም «ልቀቂኝ፣ ፔርሙዙ ይሰበራል!» እያሉ ሳቁ።

ስንመለስ ከሊድ ሜትሩን ዘርግቶ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሏል። አብዱልሰላም ሠርክን አየ፤ ሥራውን እንዳገኘች ከፊቷ ገባው።

«ከሊድ፣ ጠቅልለው» አለው።

ከሊድ ሜትሩን ጠቀለለ፣ ኪሱ ከተተ፣ ወንበር ሳበ። «እንግዲያ ቡና ስጡኝ። ለእኔ ከአቦሉ ይሁን፤ ሳምንቱን ሙሉ ለክቻለሁ።»

አደይ ኣብረኸት ሲኒውን ፊቱ አስቀመጡለት።

«እዚህ ቤት ከአቦሉ የሚባል የለም» አሉት። «የሁሉም አንድ ነው። ጠጣ።»