ሬንስከ በሩቁ ድልድይ የምትዞረው ለምንድን ነው?

ድልድዩ ጀልባ ለማሳለፍ ወደ ላይ ተነስቶ ስለነበር ብስክሌቴን ይዤ ቆምኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ቆማለች። ጫማዋ ላይ ከደረቀው ነጭ ቀለም አወቅኋት፤ ሬንስከ ናት፣ የቤት ቀለም ቀቢዋ። በልጅነቷ አስተምሬያታለሁ።

«ቤትሽ በወዲያኛው ድልድይ በኩል አይደለም እንዴ? በዚህ ዝናብ ምን አዞረሽ?»

«መምህር ደግሞ፣ ጡረታ ወጥተውም ማረም አልተውም!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። «በዚያ በኩል የጎሴ ግቢ አለ» አለች።

ጎሴን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለግንበኛና ለቀቢ የብረት መወጣጫ የሚያከራየው ነው። ጀልባዋ ገና ሩቅ ነበረችና ጠጋ ብዬ አዳመጥኳት።

አምና በሐይቁ ዳር የተሠሩትን የእረፍት ቤቶች የቀባችው እሷ ናት። ያሠራት የግንባታ ድርጅት ግን አልከፈላትም። በደወለች ቁጥር «ሂሳብ ሹሙ ፈቃድ ላይ ነው» ይሏታል። «ሰውዬው ጨረቃ ላይ ነው እንዴ የሄደው?» አለችኝ። እሷም በተራዋ ለጎሴ የመወጣጫውን ኪራይ ሳትከፍል ቀረች። እሱ አንድም ቀን አልጠየቃት። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እሷ በሩቁ መንገድ ትዞር ጀመር፤ ዓርብ ዓርብ አብረው ከሚዘምሩበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ቀረች።

ለድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ብትጽፍ መልስ አጣች። በመጨረሻ ጠበቃ አማከረች። ጠበቃዋ እንዳለቻት ተራ ክስ ይቻላል፤ ግን ይጓተታል። ፍርድ ቤቱ ድርጅቱን ከስሯል ብሎ እንዲያውጅ መጠየቅም ይቻላል፤ ይሄኛው ባለዕዳን ቶሎ ያስደነግጣል። «ብቻሽን ግን አይሆንም» አለቻት። «ሌላም ያልተከፈለው ሰው እንዳለ ማሳየት አለብሽ። የምታውቂው አለ?»

ታውቃለች። ጎሴ ለዚያው ድርጅት በቀጥታ አከራይቶ እንዳልተከፈለው ከሠራተኞቹ ሰምታለች።

«እስቲ ይፍረዱ መምህር» አለችኝ። «ገንዘቡን የበላሁበትን ሰው ‹ገንዘቤን በሉብኝና እርዳኝ› ልበለው?»

ስልክ ማንሳት አቃታት። አንድ ቀን ጠዋት መጸዳጃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው፣ የወዳጅ ዘመድ ልደት ከሚጻፍበት የቀን መቁጠሪያ ላይ የጎሴን ስም አየች። እኛ ዘንድ በልደት ቀን ሳይጠሩ ይኬዳል፤ በሰው መሃል ደግሞ ስለ ኪራይ አያነሳብኝም ብላ ተማመነች። ያ ሁሉ ዘመድ ወንበሩን ክብ አድርጎ እንደሚጠብቃት ዘነጋችው! እንደ ወጉ ዘመዱን ሁሉ አንድ በአንድ እየጨበጠች «እንኳን ደስ ያላችሁ» ስትል ዞረች። የጎሴ ሚስት ቲትስከ ትልቁን የኬክ ቁራሽ አቀረበችላት።

«የት ጠፋሽ አንቺ? ጎሴ እኮ ‹ሬንስከ ታማ ይሆን?› እያለ ሲጨነቅ ነው የከረመው።»

ኬኩን ሳትነካ አጠገቧ አስቀመጠችው።

ጎሴ ቢራ ሊያመጣ ጓዳ ሲገባ ተከተለችውና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«በሩን ዝጊው» አላት። «ለቲትስከ ድርጅቱ ከፍሎኛል ብያታለሁ። ሞኝ እንዳትለኝ።»

«የኔስ ኪራይ?»

«ያንቺማ ምን አለው! የትም ብትዞሪ ያው እዚሁ መንደር ነሽ።» ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነሳ። «ስሜን አስገቢው። ለሚስቴ ራሴ እነግራታለሁ።»

ነገራት። ቲትስከም ብዙ ቀን አኮረፈችው።

ማመልከቻው በገባ ማግስት ድርጅቱ ደነገጠ። ችሎቱ ሳይደርስ የሬንስከን ገንዘብ ሙሉውን ከፈለ። አመልካቿ ከተከፈላት ማመልከቻው ይቀራል። የጎሴ ስም የገባው ለድጋፍ ብቻ ነበርና ለእሱ አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። ሬንስከ ኪራዩን በዚያው ቀን ከፈለችው፤ ድርጅቱ የበላበት ግን እንደተበላ ነው። አሁን እሱ በተራው ላመልክት ቢል ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ ተከፍሏታልና አትሆነውም።

«ጠበቃዋ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሳትነግርሽ ቀርታ ነው?» አልኳት።

ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም። «ነግራኛለች። እኔ ነኝ ለጎሴ ያልነገርኩት። ብነግረው እምቢ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»



«የእነዚያን ቤቶች ጣሪያ የሠራው ሰውዬም አልተከፈለውም» ብላ ቀጠለች። «ለጎሴ ሁለተኛ ሰው ሁንለት ብዬ ለመንኩት። ‹ስሜ ፍርድ ቤት ከሚጠራ ገንዘቡ ይቅርብኝ› አለኝ። ይኸው ነው እንግዲህ። ጎሴ አሁንም ጠበቃዋ የደበቀችን ይመስለዋል። በመንገድ ሲያየኝ እንኳ ‹አይዞሽ› ይለኛል።»

ጀልባዋ አለፈች፤ ድልድዩም ወረደ። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ አንድ እግሯን መሬት አስደግፋ ወደኔ ዞረች።

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ ወደ መዘምራኑ እሄዳለሁ። መዝሙሩ ሲያልቅ እነግረዋለሁ። ደግነቱ ጎሴ የሚቆመው ከኋላዬ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንኳ ፊቱን አላይም» አለችኝ።