ብርሃኑ አልቀንስ ያለው ስክሪን

ይህ የገጠመኝ ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ኢሕአዴግ አገሩን የሚያስተዳድርበት፣ እኛ መምህራንም ከክፍል ወጥተን በቀጥታ ወደ «አንድ ለአምስት» ስብሰባ የምንገባበት ጊዜ ነበር። ነገሩ የተጀመረው በአንድ ላፕቶፕ ስክሪን ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ስክሪኑን አይደለም። በእሱ ሰበብ አንድ ሰው ላይ የተናገርኩትንና ያ ሰው መልሶ ያደረገልኝን ነው።

ያኔ ወላይታ ውስጥ ባለችው በዴሳ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች ቆይታ ስለነበር የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ በወላይታ ገጠር ክሊኒኮች ሠላሳ ዓመት ያህል በድሬሰርነት፣ ማለትም በጤና ረዳትነት፣ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ሥራ ጀመረ። ሕመምተኞች ሕመማቸውን የሚናገሩበትን የወላይትኛ ቃል እየሰበሰበ ትርጉሙን በአማርኛ ይጽፋል። የሚወጋው ሕመም ሌላ ስም አለው፣ የሚያቃጥለው ሌላ፣ መጥቶ የሚሄደው ሌላ።

«ሰው በአማርኛ አይታመምም» ይለኝ ነበር። «አሮጊቷ በወላይትኛ ትናገራለች፤ ከሌላ አገር የመጣው ወጣት ሐኪም በአማርኛ ይጠብቃል። መሐል ላይ የቆመው ሰው ሁሉንም ‹ሆዷን አሟታል› ብሎ ያሳጥረዋል።»

ችግሩ ዐይኑ ነበር። ዐይኑ ውስጡ እየተቆጣ ያመው ስለነበር ሶዶ ወስጄ አሳክሜው ሕመሙ ተሻለው፤ ብርሃን ግን አልችል አለ። ሐኪሙ ማንበብና መጻፍ አልከለከለውም፤ ኃይለኛ ብርሃን ብቻ እንዲሸሽ ነገረው። በወረቀት እንዳይጽፍ የራሱን ጽሑፍ መልሶ ማንበብ አቅቶታል። በላፕቶፑ ግን ፊደሉን አተልቆ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ታች ቀንሶ፣ መስኮቱን ዘግቶ በሁለት ጣቱ ይጽፋል። በቀን ሦስት አራት ቃል ከጻፈ ደስተኛ ነው።

ላፕቶፑን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የተማሪዎች ውጤት ላጠናቅርበት ብዬ ተዋስኩትና ሶዶ ለስልጠና ስንጠራ ይዤው ሄድኩ። ስመለስ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቦርሳዬን ከኋላ ከዕቃ ጋር እንዲያስቀምጥልኝ ለረዳቱ ሰጠሁት። መንገድ ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አንድ የበቆሎ ጆንያ ተንሸራቶ ወደቀበት። ቤት ደርሼ ስከፍተው ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል።

አባቴ አልተቆጣኝም። «የጻፍኩት ውስጡ አለ?» ብቻ አለኝ።

«አለ» አልኩት። መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሶዶ ተመልሼ ማቴዎስ የሚባል የኮምፒዩተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝቶ የአባቴ ጽሑፍ እንዳለ አሳየኝ። እፎይ አልኩ። ለላፕቶፑ የሚሆን ስክሪን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥር ቀን እንደሚፈጅ ነገረኝ፤ ስሜንና የማስተምርበትን ትምህርት ቤት በደብተሩ ላይ መዘገበ። «እስከዚያ አንቺው ጋ ይቀመጥ» ብሎ መለሰልኝ።

በእነዚያ አሥር ቀናት የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር አብርሃም ላፕቶፑን ከኮምፒዩተር ክፍሉ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ጽሑፉን በፍላሽ ገለበጠልኝ። «ቫይረስ በልቶታል፤ ዊንዶውሱን ልቀይርልሽ» አለኝ። ቀየረልኝ። አመሰገንኩትና ረሳሁት።

ስክሪኑ መጣ። ማቴዎስ ካርቶኑን ፊቴ ከፍቶ ገጠመልኝ። ሲበራ እንዴት ያምር ነበር! ከበፊቱ ይልቅ የጠራ ነው። በደስታ ወደ በዴሳ በረርኩ።

አባቴ ላፕቶፑን ሲከፍት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዐይኑ ወዲያው እንባ አቀረረ። ኪቦርዱ ላይ የፀሐይ ሥዕል ያለበትን፣ ብርሃን የሚቀንሰውን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ደጋግሜ ተጫንኩ። ዊንዶውሱ ውስጥ ገብቼ ፈለግሁ፤ ብርሃን የሚቀነስበት ቦታ ጭራሽ ጠፍቷል። ስክሪኑ እንደ ቀትር ፀሐይ ቦግ እንዳለ ቀረ።

አባቴ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሁለት ቀን ታገለ። በሦስተኛው ቀን ዐይኑ ደም መስሎ ተነሣ። ላፕቶፑን ራሱ ዘግቶ በፎጣ ጠቀለለው።

«በቃ ይህን ያህል ነው የተፈቀደልኝ» አለ።

ይህን ሲል በእርጋታ ነበር። እኔን ያሳበደኝ እርጋታው ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማቴዎስ ጋ መለስኩት። ፈታው፣ ገመዱን አየው፣ ገጠመው። አልሆነም። አንድ ቀን አሳድሮ ሞከረ፤ አልሆነም። በሌላ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ነበር።

«ቲቸር፣ ስክሪኑ አዲስ ነው፤ ሲከፈት ያየሽው ራስሽ ነሽ» አለኝ። «ከስክሪኑ ሌላ የተነካ ነገር አለ እንዴ? ዊንዶውስ ምናምን?»

«አንተ ካልነካኸው ማን ይነካዋል?» ብዬ ጮህኩበት።

ጩኸቴን ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ከሌላ ማሽን የወለቀ አሮጌ ስክሪን በአዲስ ካርቶን አሽጎ እንደሸጠልኝ ተናገርኩ። «ዐይኑን የታመመ ሽማግሌ ላይ ትቀልዳለህ? የሕመምተኛ ቃል የሚጽፍ ሰው እኮ ነው! አታላይ!» አልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አጠገቤ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነበር። ቀስ ብላ አንስታ፣ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ማቴዎስ በዐይኑ ተከተላት።

«እኔ ጋ ተይው፤ ካልቻልኩ ስክሪኑን ወስጄ ገንዘብሽን እመልሳለሁ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አልሰማሁትም። ላፕቶፑን ነጥቄው ወጣሁ። በዴሳ ደርሼ መምህራን ክፍል ውስጥ ስሙን እየጠራሁ ለሁሉም አወራሁ። «እሱ ጋ እንዳትሄዱ» አልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አንድ ሞተር በር ላይ ቆመ። ከኋላ የወረደው ማቴዎስ ነው። አቧራ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ቦርሳ አቅፏል። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ እጄ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ እንደያዝኩ ቆምኩ።

እሱ ግን በእኔ በኩል አልፎ በረንዳ ላይ ለተቀመጠው አባቴ «ሳሮ፣ አባ» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠ። ማን እንደሆነ ተናገረ። ስሜንና የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ጠቅሶ ሲጠይቅ ባለሞተሩ «የድሬሰሩ ልጅ ናት» ብሎ እንዳመጣው ነገረው። አባቴ እጁን ይዞ ወደ ቤት አስገባው። ሱቅ ውስጥ ያልኩትን ለአባቴ አልነገርኩትም ነበር። ማቴዎስም አልነገረውም።

ከቦርሳው ውስጥ የእኛን የሚመስል ሌላ ላፕቶፕ አወጣ። ከአንድ ደንበኛው ለምኖ የተዋሰው ነው። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ፈታቸው። የእኛን አዲስ ስክሪን በደንበኛው ላፕቶፕ ላይ ገጠመና የፀሐይዋን ቁልፍ ተጫነ። ብርሃኑ ታዞ ቀነሰ፤ ታዞ ጨመረ። ከዚያ የደንበኛውን ስክሪን በእኛ ላፕቶፕ ላይ ገጠመ። አልቀንስ አለ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ ቲቸር። አሁን እስቲ ተረጋግተሽ አስቢልኝ። ከተሰበረ በኋላ ማን ነካው?»

ማንም አልነካውም ልል አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀደመኝ።

«አብርሃም አጽድቶልኛል ብለሽኝ አልነበረም?»

ማቴዎስ ይህንኑ ሱቅ ውስጥ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ነኝ በጩኸት የመለስኩለት።

«ዊንዶውስ ቀይሮልኛል» አልኩ።

ማቴዎስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እኔም ደደብ ነኝ! ስክሪን ስለቀየርኩ ዐይኔ ስክሪኑ ላይ ብቻ ቀረ። ድራይቨሩን ማየት ነበረብኝ።» ድራይቨር የሚሉት ስክሪኑን የሚያዘው ፕሮግራም እንደሆነ፣ አብርሃም ዊንዶውሱን ሲቀይር ያንን ሳይጭን እንደቀረ ለአባቴ በወላይትኛ አስረዳው። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ያሉበት ፍላሽ ከቦርሳው ስለማይለይ ይዞት መጥቷል። የእኛን ስክሪን ወደ ቦታው መልሶ መጫን ጀመረ። ስክሪኑ አንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተመልሶ በራ።

አባቴ እስከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የተቀመጠው። ማቴዎስ ላፕቶፑን ወደ እሱ አስጠግቶ ጣቱን ይዞ ቁልፏ ላይ አሳረፈለት።

«አባ፣ እርስዎ ይጫኑት።»

አባቴ ሳያይ ተጫነ። ብርሃኑ ዝቅ አለ። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ ዝቅ አለ። የክፍሉ ግድግዳ ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ አየሁ። ያኔ ዘወር ብሎ ዐይኑን ከፈተ። ስክሪኑን አየው። እንባ አልነበረውም።

ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅዬ ከዳጣ በርበሬ ጋር አቀረብኩላቸው። አባቴ ለማቴዎስ የትውልድ ቀበሌውን ጠየቀው፤ ቀጥሎ እናቱ እሱን ሕፃን እያለ ሲያመው ምን ምን ትል እንደነበር ጠየቀው። ማቴዎስ እየሳቀ ብዙ ተናገረ። ከተናገራቸው አንዱን አባቴ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ፍርሃት የሚገልጽ ቃል ነው። በአማርኛ በአንድ ቃል ልተረጉመው አልችልም። አባቴ ቦይናውን ትቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ እዚያው ጻፈው።

ስሸኘው በሩ ላይ ጠየቅሁት። «ያን ሁሉ ተናግሬህ ለምን መጣህ?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ጫማው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ። «ስክሪኑ ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እንደማይሠራ ግን አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ሰላም ነሳኝ» አለ። ከዚያም ጨመረ። «ደግሞ ከንግግርሽ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ዐይናቸው እንደሚያማቸው ያልሽው ነው። አንቺን ተቀይሜ ነበር። እሳቸው ግን ምን አደረጉኝ?»

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ተይው» አለ። መልሼ ጠየቅሁት። «ተይው አልኩሽ እኮ» ብሎ ሊወስደው በተመለሰው ሞተር ላይ ወጣ።

አልተውኩትም። ሰኞ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ሶዶ ሄጄ ሱቁ ገባሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፊታቸው ቆሜ እንደበደልኩት፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ስክሪኑ አዲስ እንደነበር ተናገርኩ። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው አዩኝ። ስድቤን የሰሙት እነሱ አልነበሩም። ምን እንደማወራ አልገባቸውም። ማቴዎስ ከሥራ ወንበሩ ሳይነሣ «እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ሳልጠራ የመጣሁ እንግዳ ሆንኩ።

መምህራን ክፍልም ገብቼ ያወራሁትን መለስኩ። አንዱ «እንዴ፣ እኔ እኮ ለስንት ሰው ነገርኩ» አለኝ። ነገሩ ከእጄ ወጥቶ የት የት እንደደረሰ ያኔ ነው የገባኝ። ይቅርታዬ እግር አልነበረውም፤ ስድቤ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ ከተማውን ዞሯል።

ማቴዎስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ሐዋሳ ገባ። ሥራ አግኝቶ ነው ይላሉ። እኔ በዚያ ውስጥ ድርሻ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም። የሚነግረኝም የለም።

አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አራት ዓመት ጻፈ። ሥራውን ጨርሶ፣ አሳትሞ ባይሆንም አባዝቶ፣ ለሚያውቃቸው ወጣት ነርሶችና ሐኪሞች ሰጥቶ ነው ያረፈው። አንድ ቅጂ እኔ ጋ አለ።

ታሪኩን የሰሙ ሰዎች «እግዜር የላከው ሰው ነው» ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን በእሱ ቦታ ራሴን አስቀምጬ አስባለሁ። ሰው በተሰበሰበበት አታላይ ተብዬ፣ ደንበኛዬ ፊቴ ላይ ዕቃዋን አንስታ ወጥታ፣ ሥራዬን ትቼ የሰዳቢዬን ቤት ፍለጋ በሞተር እሄድ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አልሄድም ነበር።