ባሏን ምስማር የከለከለችው ካሴት ሻጭ

በሰፈራችን የማያዳላ ሰው ቢፈለግ የምትገኘው ካሴት ሻጯ ብቻ ናት። ዳኛው ለዘመዱ፣ ሐኪሙ ለጎረቤቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ምሳ ለጋበዘው ሁሉ ሲያዳላ፣ እሷ ለገዛ ባሏ እንኳ አታዳላም። ስለዚህ «እሜቴ ምስማር» እንላታለን።

ከሱቋ በር በላይ አንድ ትልቅ ምስማር አለ። በሳምንቱ ከሁሉ በላይ የተሸጠው አልበም ፖስተር እዚያ ይሰቀላል። ማጭበርበር የለም። ቅዳሜ ከሰዓት የተሸጡት ካሴቶች የመጡባቸውን ባዶ ካርቶኖች በየአልበሙ ለይታ ደጃፉ ላይ ትከምራለች፤ የማን ክምር እንደሚረዝም መንገደኛው በዓይኑ ያያል። ሬዲዮውም «የሳምንቱ አንደኛ» እያለ የራሱን ያውጃል፣ እኛ ግን አንሰማውም። ሬዲዮ ካርቶን የለውማ!

አንድ ዓመት ላይ ያ ምስማር ያልተሸከመው ጉድ የለም። ዓመቱ ሲገባ የነገሠው፣ አሥራ ሁለት ዘፈን ሙሉ ለአንዲት ሴት ያለቀሰ ጎረምሳ ነበር። እንደኔ ግምት ልጅቷ የጠፋችው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው። ሰፊው ሕዝብ ግን ተሰልፎ ገዛ፣ ገዝቶም አብሮ አለቀሰ። እሱን ያወረደችው ድምጿ እንደ ወንፊት የሚያፈስ፣ ፖስተሯ ግን የሚያፈዝ ዘፋኝ ናት፤ ከገዢዎቿ ግማሾቹ ቴፕ እንኳ አልነበራቸውም። ክረምቱን ደግሞ ስለ አገር ፍቅር የሚያጓራ ጎልማሳ ተሰቀለ። እሱ በነገሠ በሳምንቱ ድመቶች ሰፈር ለቀቁ።

በዚህ መሀል የእሜቴ ምስማር ባል አልበም አወጣ። ሰውየው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን በባዶ የውሃ ታንከር ውስጥ ሲያንጎራጉር ኖሮ፣ የታንከሩን ማስተጋባት የራሱ ድምፅ አድርጎ ቆጠረው። አልበሙን «አትቸኩይ» አለው፤ እውነትም አይቸኩልም። አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ሰው ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን ያጥባል።

«አንድ ሳምንት ብቻ ስቀይኝ» አላት። «ዓመቱ ሳያልቅ አንዴ እዚያ ላይ ልታይ። ሌላ ምን ጠየቅኩሽ?»

«ካርቶንህ የታለ?»

«ባልሽ አይደለሁም እንዴ?»

«እቤት ባሌ ነህ። እዚህ ሦስት ፍሬ የሸጥክ ዘፋኝ ነህ። ሦስቱንም የገዙት እናትህ ናቸው።»

እናትየው ይህን ሲሰሙ ዣንጥላቸውን እየሰበቁ ከተፍ አሉ።

«አንቺ ልጅ! ያን የሚያጓራ በሬ ሰቅለሽ የኔን ልጅ ምስማር ትከለክያለሽ?»

«እማማ፣ በሬው ካርቶን ጨርሷል።»

«ካርቶን ምን ያውቃል!» ብለው ወጡ።

ሴትየዋ ግን ድንጋይ አይደለችም። ባሏ እራቱን ትቶ ግድግዳ ማየት ሲጀምር አንጀቷን በላት። መስቀሉ ቢቀር ማጫወቱ ነውር የለውም ብላ ካሴቱን በድምፅ ማጉያው ለቀቀችው። በገበያ ሰዓት እንዳትለቀው ገዢ ይሸሻል፤ ስለዚህ ልትዘጋ እቃ ስትሰበስብ ለቀቀችው።

የመጀመሪያው ዘፈን ሳይጋመስ፣ ከሰዓት ሙሉ ምንም ሳይገዙ መደርደሪያ ተደግፈው ሲያወሩ የዋሉት ሁሉ እያዛጉ ወጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ዜማ ስትሰማ ሰው ኮቱን እያነሣ «እንግዲህ ወደየቤታችን» ይል ጀመር።

ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ይህን በመስኮቱ ሲታዘብ ሰነበተ። የእሱ ወንበሮች ደግሞ ተላጭተው ካበቁ በኋላ ስለ ኳስ በሚፈላሰፉ ሊቃውንት የተያዙ ናቸው። አንድ ቀን መንገዱን ተሻገረ።

«እህቴ፣ ያንን ሰው የሚያስወጣውን ስጪኝ።»

«የቱን?»

«ቧንቧውን ነዋ!»

ከዚያ ፋርማሲው ገዛ። ባንኩ ገዛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገዛ፣ ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ባለሱቆች መጡ። እንግዳ የበዛባት አንዲት ሙሽራ ለየክፍሉ ብላ ሦስት ወሰደች። ጎዳናው በሙሉ በአንድ አፍ «አትቸኩይ» ሲል፣ እኛ ተጣድፈን ወደ ቤት። ሰዓት እላፊ ያላሸነፈውን ሕዝብ ቧንቧ ሠራተኛ አስገባው! እራት ሳይቀዘቅዝ ተበላ። ልጆች አባቶቻቸውን በብርሃን አዩ፤ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብሎ እናቱን የጠየቀ እንደነበረም ሰምቻለሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ካርቶኖቹ ሲከመሩ የሬዲዮው ተወዳጅ ከጉልበት አላለፈም፤ የቧንቧ ሠራተኛው ግን ጉበኑን ነካ። እሜቴ ምስማር ወንበር ላይ ወጣች። ፖስተሩን ሁለቴ ጣለችው፣ በሦስተኛው ሰቀለችው። ባሏ የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከሥራ ሲመለስ፣ ከምስማሩ ላይ የገዛ ፊቱ ተመለከተው።

«ሕዝቡ ወደደኝ?» አለ በቀስታ።

የተሰበሰብነው ሁሉ ወደ ወንበሩ ቀና አልን። ለደንበኛ ያልዋሸች ለባል እንዴት ትዋሽ?

«ሰው ለማስወጣት ነው የሚገዙህ» አለችው ከወንበሩ ሳትወርድ። «አንተ ስትዘፍን ሱቅ ይዘጋል።»

ፖስተሩን አየ። ካርቶኑን አየ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አቀረቀረ።

«ሲወጡ የት ነው የሚሄዱት?»

«ቤታቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ውጭ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።»

የሰውየው በመጀመሪያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻም ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁ ሲፈነዳ መፍቻዎቹ መንገድ ላይ ተበተኑ። «ሰፈር ሙሉ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ዘፋኝ ከዚህ በፊት ነበረ?» እያለ የሁላችንንም ጉንጭ ሳመ።

ለደስታው ሲባል ካሴቱ ተከፈተ። ስህተት ነበር። የመጀመሪያዋ ዜማ እንደተሰማች ሕዝቡ ከልማድ የተነሣ ኮቱን አንሥቶ መበተን ጀመረ፤ ፀጉር አስተካካዩም መጋረጃውን ጣለ። ግን ሰሞኑን ሁሉ ስንሸሸው ቃል በቃል አጥንተነው ኖሮ፣ እየዘፈንነው ሄድን። ሰውየውም ለጀርባችን እጁን ዘርግቶ፣ ከነፍሱ፣ ከካሴቱ ጋር ዘፈነ፤ ሚስቱም በሩን እየዘጋች በዜማ አጀበችው።

እናትየው ብቻ ካርቶኑን በዣንጥላቸው መታ መታ አድርገው፣ እያዛጉ፣ «ድሮም ብያለሁ» አሉ፤ «ካርቶን ያውቃል።»