የመቶ ሃያ እርምጃ ሕግ

መቶ ሃያ እርምጃ ያልኩት በግምት ነበር። ሦስት ሆነን አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ እንሠራ ነበር። ጨዋታውን የፈጠሩት ሌሎች ናቸው፤ እኛ በላዩ ላይ የራሳችንን ነገሥታት፣ የራሳችንን ተራሮችና የራሳችንን አስማተኞች እንጨምርበታለን። ይህን ዓይነቱን ሥራ ሞድ ይሉታል። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛችን ይሥላል፣ ደብረ ታቦር ያለችው ኮድ ትጽፋለች፣ እኔ ደግሞ ንፋስ መውጫ ኮምፒውተር እያስተማርኩ ከክፍል መልስ የጨዋታውን ሕግ አወጣለሁ። ማን ማንን ያሸንፋል፣ ማን ምን ሲያጣ ይደክማል የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ። እንደኔ ላለ ፈሪ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ አንዲት ቁጥር ጽፌ ሦስት ቀን እጨነቅባታለሁ።

በዚያ ሰሞን የያዝኩት የቃል ኪዳን እንስሶቹን ነበር። እያንዳንዱ ጦረኛ ከአንድ አውሬ ጋር ቃል ይገባባል። ጎን ለጎን ሲዋጉ ሁለቱም ይበረታሉ፣ ሲራራቁ ሁለቱም ይደክማሉ። ምን ያህል ሲራራቁ? መቶ ሃያ እርምጃ ብዬ ጻፍኩ። የደብረ ታቦሯ «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ነገር ፈልጋኝ አልነበረም፤ ቁጥሩ ካነሰ ተጫዋቹ አውሬውን ከጎኑ ንቅንቅ አያደርገውም፣ ከበዛ ደግሞ ቃል ኪዳኑ ለስም ብቻ ይቀራል። እኔ ግን ተነካሁ። «እኔ እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ። በሬ ከበሬ ምን ያህል መራቅ እንደሚችል ለክቼ አመጣልሻለሁ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው!

ርእሰ መምህሩን «አባቴ አሟቸዋል» ብዬ የሐሙስንና የአርብን ፈቃድ ወሰድኩ። ከቢሮው ስወጣ ጀምሮ ውሸቱ ከነከነኝ። በደህና ሰው ላይ በሽታ መጥራት ጥሩ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። መንገዱን ሁሉ በልቤ «አምላኬ፣ ቃሌን አትስማብኝ» እያልኩ ሄድኩ። ስደርስ አባቴ ከደጅ ቆመው እንጨት ይፈልጣሉ። እንደዚያ ቀን ስላየኋቸው ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ የሚኖሩት ከአርብ ገበያ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሉት ብቻቸውን ከሁለት በሬዎቻቸው ጋር ነው። ዳልቻው በቀኝ ይጠመዳል፣ ቦራው በግራ፤ ሰባት ዓመት አንድ ቀንበር ተሸክመዋል። እኔና እኅቴ «እርሻው ይብቃዎት፣ ንፋስ መውጫ ይምጡ» ብለን ከለመንናቸው ሁለት ዓመት አልፏል። መልሳቸው አንድ ነው። «እጄ እርፍ መያዝ ሲያቅተው ሳትጠሩኝ እመጣለሁ» ይላሉ።

ሐሙስ መድኃኔ ዓለም ስለነበር በሬ አይጠመድም። ጊዜው ደግሞ የሁዳዴ ጾም ነው፤ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ ቅዳሴ ወጥቶ እስኪመለሱ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ጠዋት በሬዎቹን ከቤቱ በላይ ባለው ግጦሽ ላይ ለየብቻ በችካል አስረው ነጠላቸውን ለበሱ። «አደራ፣ ዐይንህ ከነሱ ላይ እንዳይነሣ» አሉኝ። ዐይኔ እንኳ ወዲያው አልተነሣም፤ መጀመሪያ የተነሣው ችካሉ ነው።

ዳልቻው የታሰረበት ቦታ ቁጥቋጦ ነበረበትና ልቀርጸው ስል ስልኬ በደንብ አላሳይ አለኝ። ስለዚህ ችካሉን ነቀልኩና ወደ ገላጣው አምጥቼ በድንጋይ ተከልኩት። መሬቱ ደረቅ ነበር። ሦስት ጊዜ መታሁት፤ አራተኛውን ሰነፍኩ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፌ እንዲቀርጽ ተውኩትና ቦራውን ፈትቼ፣ እየጎተትኩ፣ እርምጃዬን መቁጠር ጀመርኩ።

በሠላሳ ዳልቻው መጋጡን ተወ። በስድሳ አንገቱን ቀና አደረገ። በመቶ ሃያ ያው ቆሞ ያየናል፤ ቁጥሬ ትንሽ ነበረች ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። በመቶ ሃምሳም ምንም የለም። መቶ ሰባ ሦስት ላይ አፋፉን ዞርን፤ ግጦሹ ከዐይናችን ጠፋ። ያን ጊዜ ከወዲያ «እምቧ» ሲል ሰማሁት። ቦራው መለሰለት። እኔ ስክሪብቶ አውጥቼ በመዳፌ ላይ «173» ብዬ እየጻፍኩ ሳለ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ መጣ።

ሮጬ ስመለስ ዳልቻው የለም። ችካሉ የነበረበት ጉድጓድ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። እኛ ወዳለንበት በአቋራጭ ሊመጣ ሲል ከእርከኑ ወድቆ ፈፋው ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ገመዱ ከነችካሉ አጠገቡ ተዘርግቷል። ሊነሣ ሞከረና የፊት እግሩ አልሸከመው አለ። ተንበርክኬ ግንባሩን ያዝኩት። «መድኃኔ ዓለም፣ በዓልህን ሽሬ ከሆነ እኔን ቅጣኝ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ቦራው በራሱ ወርዶ ከበላዩ ቆመ፤ ዳልቻውም ያን ጊዜ መንፈራገጡን ተወ።

አባቴ የመጡት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ፈፋው ውስጥ ወረዱ፣ በሬውን ዳበሱ፣ ችካሉን አነሡና ጫፉን አዩት። አፈር የነካው ጥቂት ብቻ ነው። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩ።

«አየ፣ እጄ» አሉ። «ጠዋት ስተክለው ልቤ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አላጠበቅሁትም።»

«አይ አባየ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ትንፋሽ። አንዱ ትንፋሽ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ከዚያ በኋላ እየከበደ ሄደ።

ወጌሻው ከማዶው መንደር መጥቶ የዳልቻውን ትከሻ ዳሰሰ። «አልተሰበረም፣ ወልቆ ነው» አለና በአራት ሰው አስይዞ መለሰው፤ በሬው ሲያቃስት እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ አባቴን «ጾሙን ያመስግኑ። የፍስክ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ለቅርጫ ቢላውን ይስል ነበር» ብሎ ቀለደባቸው። «እስከ ፋሲካ ቀንበር እንዳያሳዩት። ከዚያ በኋላ ደህና ነው።»

በሬው ደህና ነው ሲባል ጭንቀቴ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ደወልኩና «ሕመሙ ጠንቷል» ብዬ ፈቃዴን አስረዘምኩ። ሌላ ውሸት። የሚያስፈራው ግን ውሸቱ እየያዘ መምጣቱ ነበር። አባቴ በር ከዘጉ በኋላ ተመልሰው በሩን ይገፋሉ። መጥረቢያውን ያነሡና እንጨቱን አይተው ያስቀምጣሉ። ውሃ ሲቀዱ ማሰሮውን በሁለት እጅ ያቅፋሉ። ወሬ መሐል እጃቸውን እያገላበጡ ያዩታል።

መላ አልጠፋም ነበር። ጎረቤታችን ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ እንደ ዳልቻው የቀኝ በሬ ነው። ቦራውን ከሱ በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኛ ማረስ ይችላሉ፤ በሬው የጎደለበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አባቴ ግን ሌላ ተናገሩ። «እርሻውን ለሱ በእኩል ልስጠው። እሱ ይረስ፣ ምርቱን እንካፈላለን። ቦራውንም ይያዘው። ችካል መትከል ያቃተው ሰው ምን ይዞ ያርሳል?» ከጎረቤቱ ጋር አርብ ሽማግሌ ይዘው ሊዋዋሉ ተቀጣጠሩ።

ለእኅቴ ደውዬ ነገርኳት። «እሰይ! እግዜር በበሬው አሳብቦ ሰጠን። አልጋ ግዛላቸው» አለችኝ። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለአንድ ቀን ያህል አልጋው የት እንደሚቀመጥ አስቤያለሁ። ሁለት ዓመት የለመንነው ነገር ዝም ስላልኩ ብቻ እየመጣ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ገባኝ። አባቴን መስለው የሚመጡት ሌላ ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ያደረግኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ረቡዕ የደብረ ታቦሯ ቁጥሩን ጠየቀችኝ። «ቁጥር አይደለም። እስከሚተያዩ ድረስ ነው። ተራራ ከመሐላቸው ሲገባ ያን ጊዜ ይደክማሉ» ብዬ ጻፍኩላት። ኮረብታ በበዛበት ካርታችን ላይ ሞክራው በደስታ ሰከረች። «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚለውን ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጻፈች፤ አሁን ለምስጋና ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቴ ደጅ ቁጭ ብለው ለቦራው አዲስ ማሰሪያ ይቋጥራሉ፤ በማግሥቱ ከነማሰሪያው ሊያስረክቡት ነው። ቋጥረው ፈቱት። እንደገና ቋጥረው ፈቱት። በሦስተኛው ወደኔ ዘረጉልኝ።

«እስቲ እየው ልጄ። ጠብቋል?»

ያዝኩት። ጥፍሬ እንኳ አልገባ አለበት። ዕድሜ ልካቸውን ሲቋጥሩ የኖሩት ሰው፣ የማሰሪያ አቋጣጠር በደንብ የማላውቀው እኔ እንድፈትሽላቸው ይጠብቃሉ። ዐይናቸው ከአፌ ላይ ነው። እንባዬ መጣ።

«አባየ፣ ችካሉን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እርስዎ የተከሉትን ነቅዬ ሌላ ቦታ ተከልኩት። ቦራውን ከዐይኑ ያራቅሁትም እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ቆጠራውን፣ ጦረኞቹንና አውሬዎቹን። ስናገረው ካሰብኩት በላይ የቂል ሥራ ሆኖ ታየኝ።

«ለጨዋታ?» አሉ።

«ለጨዋታ።»

«ከዐይኑ ከጠፋ ተከትሎ እንደሚመጣ ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር?»

የቋጠሩትን ማሰሪያ መለስኩላቸው። ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ እርምጃቸው ሌላ ነበር። ሽማግሌው ቀርቷል፤ በመቀናጆ ያርሳሉ፤ ዳልቻው ቦራውን እያየ እንዲተኛ ከደጁ ፊት ካለችው ማሳ ይጀምራሉ። መጥረቢያውን አነሡና በአንድ ምት ጉቶውን ለሁለት ከፈሉት። አለቀ፣ ይቅር ተባልኩ ብዬ ፈገግ ሳልል አልቀርም፤ ያን ጊዜ መጥረቢያውን አስቀምጠው ወደኔ ዞሩ። ቁጡ አልነበሩም። ቢቆጡ በወደድኩ።

«የበሬውስ ይሁን» አሉ። «በሬ ይወድቃል። ሳምንት ሙሉ አርጅቻለሁ ብዬ ሳለቅስ ግን፣ አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር።»

ሲያለቅሱ አላየሁም ነበር። በማግሥቱ ቀንበሩን ተሸክመው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ተመለስ አላሉኝም፤ ናም አላሉኝም።